ብረት የተሸከመውን አይረሳም

ቮልስን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ያልነዳው እንኳ አንድ ቀን ገፍቶታል። ሞተሩ ከኋላ ነው፣ ዕቃ የሚጫነው ከፊት፣ ራዲያተር ብሎ ነገር የለውም። ይሄን ሁሉ እናውቃለን። ብዙም የማይወራው ግን ይኸው መኪና ካሊፎርኒያ ውስጥ ቦዲው ወልቆ፣ ወገቡ ተቆርጦ፣ ሰዎች በየጓሯቸው በሺዎች የገጣጠሙት አዲስ መኪና መሆኑ ነው። ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከላይ ስላረፈው ውብ ቅርጽ ነው። እኔ ከሥሩ እንየው ባይ ነኝ። (ዓመታቱ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ብሩስ ማየርስ በ1926 ሎስ አንጀለስ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በአሜሪካ ባሕር ኃይል አገልግሏል፤ ባንከር ሂል የተባለችው አውሮፕላን ጫኝ መርከብ በ1945 በጃፓን አጥፍቶ ጠፊ አብራሪዎች ስትመታ እዚያው ላይ ነበር፣ ተረፈ። ከጦርነቱ በኋላ ሥዕል ይሥላል፣ ማዕበል ላይ ይንሸራተታል፣ እንጀራው ደግሞ ከፋይበር ግላስ ጀልባ መሥራት ነበር። የመኪና መሐንዲስ አልነበረም።

በዚያ ዘመን የካሊፎርኒያ ወጣት ቅዳሜና እሁድ ፒዝሞ ቢች ወርዶ አሸዋ ላይ ይጋልብ ነበር። ብዙዎቹ ትልልቅ ቪ8 ሞተር የጫኑ ከባድ መኪኖች ነበሩ፤ ጉልበት አላቸው፣ ግን አሸዋው ይውጣቸዋል። ከጎናቸው ቦዲው ተገፎ የቀረ አሮጌ ቮልስ በ40 ፈረስ ጉልበት ሽቅብ ይወጣል። ምሥጢሩ ከሞተሩ ጉልበት ይልቅ ከቦታው ነው። የቮልስ ሞተር የተቀመጠው ከሚያሽከረክረው ጎማ በስተኋላ ስለሆነ ክብደቱ የሚገፉትን ጎማዎች አሸዋው ላይ ይጫናል፤ ፊቱ ቀላል ነው፣ ይንሳፈፋል።

ማየርስ ይህን አይቶ በ1964 ኒውፖርት ቢች ባለው ጋራዡ ውስጥ የመጀመሪያውን ሠራ። ቀይ ነበር፤ ኋላ ላይ «ኦልድ ሬድ» ተባለ። ይህ መኪና የቮልስ ወለል አልነበረውም፤ የፋይበር ግላስ ቦዲው ራሱ፣ በውስጡ ብረት ተቀብሮ፣ ሞተሩንና እግሩን ይሸከማል። ጀልባ ሠሪ ያሰበው ነገር መሆኑ ያስታውቃል። ግን ወጪው ከበደ፤ በዚህ መንገድ 12 ብቻ ተሠሩ።

ቀጥሎ ያመጣው መላ ነው ታሪክ የሠራው። የቮልስ ቦዲ ከወለሉ ጋር የተያያዘው በብሎን ነው፤ ፈትተህ ታነሳዋለህ። ከቀረው ወለል መሃል 36 ሴንቲ ሜትር ገደማ ቆርጠህ ታወጣና ሁለቱን ግማሽ መልሰህ ትበይዳለህ። ከላይ የማየርስን ፋይበር ግላስ ታሳርፋለህ። በቃ! ስሙን ማንክስ አለው፤ ማንክስ ጅራት የሌላት የድመት ዘር ናት። የቦዲው ዋጋ ያኔ 500 ዶላር አይሞላም ነበር። ሌላው ሁሉ ከተጋጨ ወይ ከተጣለ ቮልስ ይወሰዳል።

በ1967 ማየርስና ቴድ ማንግልስ ኦልድ ሬድን ይዘው የሜክሲኮን የባሃ ልሳነ ምድር ከላ ፓዝ እስከ ቲኋና በ34 ሰዓት ከ45 ደቂቃ አቋረጡ። የሞተር ሳይክሉን ክብረ ወሰን ከ5 ሰዓት በላይ አሻሻሉት። በዚያው ዓመት መጨረሻ በዚያ በረሃ የተካሄደውን የመጀመሪያውን ትልቅ ውድድርም ማንክስ አሸነፈ። ከዚያ በኋላ ትዕዛዙ ጎረፈ።

እንግዲህ አሁን ወደ ሥሩ እንውረድ። ቦዲውን የገዛው ልጅ ጓሮው ውስጥ ሥራውን ጨርሶ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ብሎ ሲያየው የመኪናው ቂጥ ወደ ሰማይ ተነሥቷል። ምን ሆነ?

ቮልስ ባሌስትራም ሞላም የለውም። ከኋላ በአግድም በተዘረጋ ቱቦ ውስጥ ለግራና ለቀኝ ጎማ አንድ አንድ ድፍን የብረት ዘንግ አለው። የዘንጉ አንዱ ጫፍ መኪናው መሃል ላይ ተቸንክሯል፤ ሌላው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ተያይዟል። ጎማው ሲነሣ ዘንጉ እንደሚጨመቅ እርጥብ ጨርቅ ይጠመዘዛል፣ ከዚያ ራሱን መልሶ ይፈታል። ፋብሪካው ዘንጉን የገጠመው የጣሪያውን፣ የበሩን፣ የመስታወቱን፣ የኋላ ወንበሩንና የሰዎቹን ክብደት አስቦ ነው። ቦዲው ሲወልቅ ያ ሁሉ ክብደት ሄደ። ብረት ግን የተሸከመውን አይረሳም። ለጠፋው ሸክም እየተዘጋጀ መኪናውን ወደ ላይ ይገፋል።

«ከፍ ቢልስ? በረሃ ላይ ጥሩ አይደል?» ትሉ ይሆናል። አሸዋ ላይ አዎ። አስፋልት ላይ ግን ሰው ይገድላል። የዚያን ዘመን ቮልስ የኋላ አክስል የሚታጠፈው ካምቢዮው ጎን ብቻ ነው፣ ጎማው ጋ መታጠፊያ የለውም። ስለዚህ ኋላው ከፍ ባለ ቁጥር ጎማዎቹ ከታች በኩል ወደ ውስጥ ይሰበሰባሉ። ኩርባ ላይ በፍጥነት ሲገባ የውጪው ጎማ ከሥር እየታጠፈ መኪናውን ሽቅብ ያነሣዋል፤ መገልበጥ ሊከተል ይችላል። ራልፍ ናደር በ1965 ባሳተመው ዝነኛ መጽሐፉ የቼቭሮሌት ኮርቬርን የከሰሰው በዚሁ ዓይነት አክስል ነበር። ማንክስ ላይ ደግሞ ወገቡ አጥሯል፣ ፊቱ ቀሏል፣ ሞተሩ ከኋላ ጎማው ውጭ ተንጠልጥሏል። አሸዋ ላይ ያነገሠው ነገር ሁሉ ከተማ ውስጥ ይፈትነዋል።

መፍትሔው እዚያው ዘንጉ ላይ ነበር። የውስጠኛው ጫፍ 40 ጥርስ አለው፣ የውጪው 44። በውስጥ አንድ ጥርስ ማዞር 9 ዲግሪ ነው፤ በውጪ አንድ ጥርስ 8 ዲግሪ ከትንሽ ነው። በአንዱ ጫፍ አንድ ጥርስ ወደፊት፣ በሌላው አንድ ጥርስ ወደኋላ ካዞርከው የሚተርፈው ለውጥ ከአንድ ዲግሪ ያንሳል። የጥርሱ ቁጥር የተለያየው ለዚህ ነው፤ በትልልቅ ጥርሶች ትንሽ ለውጥ ለማግኘት። ሥራው ግን ቀልድ አይደለም፤ ክንዱ ከማረፊያው ሲላቀቅ ዘንጉ ያጠራቀመው ኃይል ይወረውረዋል፣ እጅ ይሰብራል። ገጣሚው ያወጣል፣ ያዞራል፣ ይመልሳል፣ መሬት ላይ አሳርፎ ይለካል። ግራና ቀኙ እኩል ካልሆነ እንደገና ከሀ።

የሞተሩ ነገርም እንደዚሁ ነው። የቮልስ ሞተር ለብቻው የሚይዘው ነገር የለም። በአራት ቦታ ከካምቢዮው ጋር ይታሰራል፤ ካምቢዮው ደግሞ ከወለሉ በስተኋላ በወጡ ሁለት የብረት ቀንዶች መካከል በጎማ ትራስ ላይ ይተኛል። ስለዚህ 100 ኪሎ ገደማ የሆነ ሞተር በአየር ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው። ለመንገድ ይበቃል። ከአሸዋ ኮረብታ ዘሎ ለሚያርፍ መኪና ግን ቀንዶቹ ይሰነጠቃሉ። በረኸኞቹ ከቀንዶቹ ወደ ላይ ደጋፊ ቧንቧ መበየድ የተማሩት ከዚህ ነው። ጉልበት የጠማቸው ደግሞ የኮርቬርን ባለ ስድስት ሲሊንደር ሞተር ገጠሙ። ክብደቱ ይበልጣል፤ ይባስ ብሎ የሚሽከረከረው ከቮልስ በተቃራኒ ነው። ዲፈረንሻሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን ጥርስ ወደ ሌላው ጎን ሳይገለብጥ የገጠመ ሰው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያለው መኪና ይወጣለታል!

ማየርስ ሥራውን በፓተንት ለማስጠበቅ ሞክሮ ነበር። ቀጂዎቹን ከሰሰ፣ በፍርድ ቤት ተሸነፈ። ፋይበር ግላስ ደግሞ ለመቅዳት እንደተፈጠረ ነው፤ አንድ ቦዲ ገዝተህ በላዩ ላይ ቅርጽ ታወጣለህ፣ ከዚያ የፈለግከውን ያህል ትጋግራለህ። የእሱ ኩባንያ ከ5,000 በላይ ማንክስ ሸጦ በ1971 ተዘጋ። ቅጂዎቹ በዓለም ዙሪያ በመቶ ሺዎች እንደሚቆጠሩ ይገመታል። ለዓመታት ስለዚህ መኪና መስማት እንኳ አልፈለገም። በ2014 ኦልድ ሬድ በአሜሪካ ታሪካዊ ተሽከርካሪዎች መዝገብ ሰፈረ፤ ማየርስ ይህን ለማየት በቅቷል። በ2021 በ94 ዓመቱ አረፈ።

ተዘረፈ ብሎ መደምደም ይቻላል፣ ውሸትም አይደለም። ግን የተዘረፈው ቅርጹ ነው። የመኪናውን ቁመት ማንም ከማንም መቅዳት አልቻለም፤ ምክንያቱም የአንዱ ገጣሚ መኪና ከሌላው ጋር አንድ ዓይነት ክብደት የለውም። አንዱ ከባድ ሞተር ገጥሟል፣ አንዱ ጣሪያ ጨምሯል፣ አንዱ ዘንጉ በ10 ዓመት ጉድጓድ ላልቶበታል። ቦዲውን ከማየርስም ገዛው ከቀጂ፣ ጓሮው ውስጥ በጀርባው ተኝቶ ጥርሱን የሚቆጥረው ራሱ ነው። እስከዚያች ሰዓት ድረስ ደንበኛ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ልጁን ጎኑ አስቀምጦ ኩርባ ሲገባ መኪናው ቢገለበጥ የሚጠየቅ ፋብሪካ የለም፤ ፋብሪካው እሱ ነው።