ሳንክሽን፦ የሚቀጣም የሚፈቅድም ቃል

ዜና የሚከታተል ሰው «ሳንክሽን» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያውቀዋል። በእኛ አፍ ማዕቀብ ነው። ጆ ባይደን የሰሜኑን ጦርነት ተከትሎ መስከረም 7 ቀን 2014 ዓ.ም. ትዕዛዝ ከፈረሙ ወዲህማ ያልተከራከረበት የለም።

እንግሊዝኛው ግን ይህንኑ ቃል ለተቃራኒው ነገርም ይጠቀምበታል። መንግሥት ባለሥልጣኑን «ሳንክሽን አደረገ» ከተባለ ቀጣው ማለት ነው። ሰልፉን «ሳንክሽን አደረገ» ከተባለ ደግሞ ፈቀደው፣ አጸደቀው ማለት ነው። ተርጓሚ ከቸኮለ መንግሥት የባረከው ግፍ «ማዕቀብ የተጣለበት ግፍ» ሆኖ ይወጣል።

ሥሩ ላቲን ነው። «ሳንኪሬ» ማለት መቀደስ፣ የማይደፈር አድርጎ ማጽናት ነው፤ ቅዱስ የሚባልበት «ሴይንት»ም ከዚሁ ቤተሰብ ነው። የሮማ ሕግ አዋቂዎች ሕጉን የሚጥስ ሰው የሚቀጣበትን የሕጉን ክፍል «ሳንክሲዮ» አሉት። ማጽናቱና መቅጣቱ ያኔ አንድ ላይ ነበሩ፤ የተለያዩት በኋላ ነው። የእኛው ማዕቀብም ሩቅ አይደለም። ግዕዙ «ዐቀበ» ጠበቀ ማለት ነው፤ ዐቃቤ ሕግ የሕግ ጠባቂ ነው። ማዕቀብ የሚጥል ሁሉ አንድ ነገር እየጠበቀ ነው፤ ጥያቄው ምኑን ነው የሚለው ነው።

የአውሮፓ ነገሥታት ቃሉን ለትልልቅ ድንጋጌዎች ይጠቀሙበት ነበር። የሀብስበርጉ ካርል ስድስተኛ እ.ኤ.አ. በ1713 ግዛቱ ለሴት ልጅም እንዲወረስ «ፕራግማቲክ ሳንክሽን» አወጀ፣ መንግሥታትንም አስማማ። በ1740 ሲሞት፣ ከተስማሙት አንዷ የነበረችው ፕሩሲያ በዚያው ዓመት የልጁን የማሪያ ቴሬዛን ግዛት ወረረች።

ቃሉ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በመንግሥታቱ ማኅበር ዘመን ነው። የማኅበሩ ቃል ኪዳን አንቀጽ 16፣ ቃሉን አፍርሶ ጦርነት የሚጀምር አባል ከሁሉም ጋር ንግዱና ገንዘቡ ወዲያው ይቋረጥበታል ይላል። ትልቁ ፈተና የመጣው በእኛ ነው። ጣሊያን መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ወረረችን፤ ኅዳር 8 ማዕቀቡ ሥራ ላይ ዋለ።

ዝርዝሩን ላየ ሰው ጉዱ እዚያ ነው። ለጣሊያን መሣሪያ መሸጥ ተከለከለ፣ ብድር ተከለከለ፣ ዕቃዋን መግዛትም ተከለከለ። ጎማና ቆርቆሮ ተከለከለ። ፈረስ፣ በቅሎ፣ አህያና ግመል ሳይቀሩ ተከለከሉ! ነዳጅ ግን አልተከለከለም። የፋሺስቱ አውሮፕላንና ካሚዮን የሚንቀሳቀሰው በበቅሎ ይመስል። አልሙኒየምም ከተከለከሉት አንዱ ነው፤ ቸርችል በኋላ እንደተሳለቀበት፣ ጣሊያን ከራሷ አልፎ የሚተርፍ ያህል የምታመርተው ብረት እሱ ነበር። የስዊዝ ቦይም አልተዘጋም፤ ወታደር የጫኑት መርከቦች ቀረጣቸውን እየከፈሉ ወደ ምጽዋ አለፉ። እንግሊዝና ፈረንሳይ ሙሶሊኒን ገፍተው ለሂትለር እንዳይሰጡት ፈርተዋል። የሚጠብቁት እኛን ሳይሆን ያንን ነበር።

ሙሶሊኒም ማዕቀቡን ሕዝቡን ለማነሣሣት ተጠቀመበት። ታኅሣሥ 8 ቀን ንግሥት ኤሌና የጋብቻ ቀለበታቸውን ለጦርነቱ ወርቅ ሰጡ፤ የጣሊያን እናቶች ተከተሏቸው። በየከተማው አዳራሽ ላይ «ከበባውን» የሚያስታውስ የእብነ በረድ ጽሑፍ ተለጠፈ።

አዲስ አበባ ሚያዝያ 27 ተያዘች። ሰኔ 23 ቀን ግርማዊነታቸው ጄኔቭ ላይ አቤት አሉ። ሐምሌ 8 ማዕቀቡ ተነሣ። ከኅዳር 8 ሲቆጠር ልክ 240 ቀን ነው። በእኔ አስተያየት በእነዚያ ቀናት ሁለቱ የቃሉ ትርጉሞች እንደገና አንድ ሆነዋል፤ በወረቀት ቅጣት፣ በተግባር ፈቃድ።

ሙሶሊኒ ራሱም ያውቀው ነበር። መስከረም 1931 ዓ.ም. ሙኒክ ላይ ለሂትለር የነገረውን አስተርጓሚው ፓውል ሽሚት በማስታወሻው ጽፎታል፦ ያኔ ነዳጁ ቢጨመርበት ኖሮ በሳምንት ውስጥ ከኢትዮጵያ ለቆ ለመውጣት ይገደድ ነበር።