የካታላን ማዕድ ዕድሜ፦ «ባህላዊ» የተባሉ ምግቦች በታሪክ ዐይን



ዛሬ የምናገረው ስለ ምግብ ነው። ርእሱ ለታሪክ መድረክ የቀለለ የሚመስለው ሰው በመካከላችን ቢኖር አልፈርድበትም። ሆኖም ወደ ባርሴሎና የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ «እነዚህን ሳትቀምስ እንዳትመለስ» ተብሎ የሚቀበለውን ዝርዝር እንደ አንድ የታሪክ ሰነድ ላነብላችሁ እሻለሁ። ዝርዝሩ ከአንዱ መምሪያ ወደ ሌላው ብዙም አይለያይም። በቲማቲም የታሸ ዳቦ አለ፤ ካልሶት የሚሉት በእሳት የተለበለበ ሽንኩርት አለ፤ ኤስኩዴያ የሚባል የሥጋ፣ የሽምብራና የጎመን ቅቅል አለ፤ በፍም የበሰለ ደበርጃንና ቃሪያ፣ የገና ማግስት ካኔሎኒ፣ በመጨረሻም ስኳሩ ከላይ የተቃጠለ የወተትና የእንቁላል ክሬም ይከተላል። በሁሉም ራስጌ «ባህላዊ» የሚል ቃል ተጽፏል። የእኔ ጥያቄ «ባህላዊ ማለት ከመቼ ጀምሮ ነው?» የሚል ነው። ዓመታቱን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።

ካታሎኒያ በስፔን ሰሜን ምሥራቅ፣ በፒሬኔ ተራሮችና በሜዲትራኒያን ባሕር መካከል ያለች፣ የራሷ ቋንቋ ያላት አገር ናት። በ12ኛው ክፍለ ዘመን የባርሴሎና መሳፍንት ከአራጎን ነገሥታት ጋር በጋብቻ ተሳስረው፣ ከጊዜ በኋላ ግዛታቸው ከቫሌንሲያ እስከ ሲሲሊና ኔፕልስ የደረሰ ዘውድ አቆሙ። የምግቡ ታሪክ በጽሑፍ የሚጀምረውም በዚህ ዘመን ነው። «ሊብሬ ዴ ሴንት ሶቪ» የተባለው፣ ደራሲው ያልታወቀ የካታላንኛ የወጥ ቤት መጽሐፍ በ1324 እንደተዘጋጀ ይነገራል፤ በመላው አውሮፓ ከሚታወቁት ቀደምት የወጥ ቤት መጻሕፍትም አንዱ ነው። ስድሳ ዓመት ቆይቶ በ1384 ፍራንሴስክ ኤይሺሜኒስ የተባለ የጂሮና ተወላጅ ፍራንሲስካዊ መነኩሴ ከአሕዛብ ሁሉ አበላል የካታላኖች አበላል እንደሚበልጥ ጻፈ። ይህን የጻፈው ስለ ሆዳምነት ኃጢአት በሚያስተምርበት መጽሐፍ ውስጥ መሆኑ ዘወትር ያስገርመኛል።

ሦስተኛው ምንጭ «ሊብሬ ዴል ኮክ» በ1520 በባርሴሎና ታተመ። ደራሲው መምህር ሮቤርት ይባላል፤ መጽሐፉም የኔፕልስ ንጉሥ የፌራንቴ ወጥ ሠሪ እንደነበረ ይናገራል። የዚህ ፌራንቴ አባት በ1428 የእኛን የዐፄ ይስሐቅን መልእክተኞች በቫሌንሲያ የተቀበለው፣ በኋላም ለዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ደብዳቤ የላከው አልፎንሶ 5ኛ ነው። ግንኙነቱን የዲፕሎማሲ ታሪክ የምታጠኑ ታውቁታላችሁ፤ የዚያ ቤተ መንግሥት ማዕድ ምን ይመስል እንደነበር ግን የሚነግረን የመልእክተኞቹ ደብዳቤ ሳይሆን የወጥ ቤቱ መጽሐፍ ነው።

እነዚህን የድሮ መጻሕፍት የዛሬውን ዝርዝር በእጁ ይዞ የሚከፍት ሰው ግር ይለዋል። ቲማቲም የለም፤ ቃሪያ የለም፤ ድንች የለም። ኮሎምቦስ ከተጓዘ 28 ዓመት በኋላ የታተመው የመምህር ሮቤርት መጽሐፍ እንኳ ከአዲሱ ዓለም የመጣ አንድም ነገር አያውቅም። በምትኩ የምናገኘው ስኳርና ቀረፋ የገባበት ሥጋ፣ ከዐረቦች የተገኙት ደበርጃን፣ ሩዝና ስፒናች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለውዝ ነው። ለውዝ ስል በየመንገዱ ጥግ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ ማለቴ አይደለም፤ የአሮን በትር ያፈራችውን ለውዝ ማለቴ ነው። በጾም ወራት ተወቅጦና ተጨምቆ የወተት ምትክ ይሆናል፤ በፍስክ ቀን ደግሞ መረቁን ያወፍራል። ጾም የወጥ ቤትን ብልኃት እንዴት እንደሚያሰፋ ለእናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

እንግዲህ ከሰባት መቶ ዓመት በፊት የነበረውና ዛሬ ያለው የሚገናኙት በምኑ ላይ ነው? የእኔ መልስ በአሠራሩ ላይ ነው የሚል ነው። የካታላን ወጥ ቤት ሁለት መሠረታዊ ሥራዎች አሉት። አንደኛው ሶፍሬጂት ይባላል፤ በአማርኛ ትክክለኛ ስሙ ቁሌት ነው። ሽንኩርቱ በዝግታ፣ ቀለሙ እስኪጠቁርና ጣፋጭነቱ እስኪወጣ ድረስ በስብ ወይም በወይራ ዘይት ይቁላላል፤ ሌላው ሁሉ በዚያ ላይ ይገነባል። በሴንት ሶቪ መጽሐፍ ቁሌቱ አለ፤ ቲማቲሙ ግን የለም። ቲማቲም ዘግይቶ መጥቶ ቀድሞ በተሠራ ቤት ውስጥ የገባ እንግዳ ነው። የእኛ በርበሬም በዚያው የአሜሪካ ዕፅዋት ጉዞ የመጣ ሆኖ ሳለ ዛሬ ያለ እሱ ወጥን ማሰብ የሚችል እንደሌለ ሁሉ፣ ካታላኑም ቲማቲምን እንግዳ ብሎ ሊጠራው አይችልም።

ሁለተኛው ሥራ ፒካዳ ነው። ለውዝ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ አንዳንድ ጊዜም ሳፍሮን፣ ጉበት ወይም ጥቂት ቸኮላት በሙቀጫ ተወቅጦ ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመራል። ፈረንሳዊው መረቁን በቅቤና በዱቄት ሲያወፍር ካታላኑ በዘነዘና ያወፍራል። ይህ በመካከለኛው ዘመን ማዕድ የታወቀ አሠራር ነበር፤ ሌሎች የአውሮፓ ወጥ ቤቶች በአብዛኛው ሲተዉት እዚያ ቀረ። ዳክዬን ከፒር ጋር፣ ዶሮን ከባሕር እንስሳት ጋር በአንድ ድስት የማብሰሉ ልማድም እንግዳውን ያስደንቀዋል፤ ጣፋጩን ከሥጋ ጋር ማዋሐድ ግን ለሴንት ሶቪ ዘመን ሰው የዕለት ተዕለት ነገር ነበር። ስለዚህ መንገደኛው ጥንታዊውን ነገር ከፈለገ ሊጠይቅ የሚገባው በፒካዳ ስለተሠራ ወጥ ነው። በፖስታ ካርድ ላይ የሚታየው ምግብ ብዙውን ጊዜ የቅርብ ዘመን ሰው ነው።

ለምሳሌ ካልሶትን እንውሰድ። በታራጎና አውራጃ ያለችው የቫልስ ከተማ ነዋሪዎች ልማዱን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ለነበረ አንድ ገበሬ ይሰጡታል። ስሙ የመጣው ጫማ ማጥለቅ የሚል ትርጉም ካለው ግስ ነው፤ በመሬት ውስጥ ዳግመኛ ያቆጠቆጠው ሽንኩርት ግንዱ ነጭ ሆኖ እንዲረዝም በዙሪያው አፈር እየተከመረ «ጫማ» ይለብሳልና። በክረምታቸው፣ ከጥር እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ፣ በተገረዘ የወይን ቅርንጫፍ ነበልባል ላይ ላዩ እስኪከስል ይለበለባል፤ በጋዜጣ ተጠቅልሎ ይቆይና በሸክላ የጣሪያ ክዳን ላይ ይቀርባል። በላተኛው የከሰለውን ልጣጭ ስቦ ያወጣል፣ ነጩን ክፍል በለውዝና በደረቀ ቃሪያ ማባያ ያጠቅሳል፣ አንገቱን ወደ ኋላ ቀልሶ ከላይ ወደ አፉ ያወርደዋል። እጅም ፊትም ይጠቁራል። ለክብር እንግዳ የሚመች ምግብ አይደለም፤ በማኅበር የሚበላበት ምክንያትም ይህ ይመስለኛል። ነገር ግን ማባያውን ልብ በሉ። ቃሪያው አሜሪካዊ ነው፤ ለውዙና ሙቀጫው የሴንት ሶቪ ናቸው።

ካኔሎኒም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ጣሊያናውያን ወጥ ሠሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለባርሴሎና ከበርቴ ያቀረቡት ምግብ ነበር፤ ከተሜዋ እመቤት ግን በገና ዕለት ከተረፈው ሥጋ አዘጋጅታ በማግስቱ፣ በቅዱስ እስጢፋኖስ ቀን፣ ለቤተሰቧ አቀረበችው። ቀን ሲያገኝ ዜግነት አገኘ። ክሬሙም እንዲሁ የቅዱስ ዮሴፍ ቀን አለው፤ መጋቢት 19። ፈረንሳዮች ቀድመን አቃጠልነው ስለሚሉት ክርክር ጊዜያችሁን አላጠፋም።

አሁን ወደ ከባዱ ጉዳይ ልለፍ። በ1714 ባርሴሎና በፊሊፕ 5ኛ ሠራዊት እጅ ወደቀች፤ በ1716 የወጣው ድንጋጌም የካታሎኒያን ተቋማት ሽሮ የበላይ ፍርድ ቤቱን ቋንቋ ካስቲልኛ አደረገው። ከዚያ ወዲያ ረጅም ዘመን የአገሬው የምግብ ዕውቀት የሚገኘው በአብዛኛው በገዳማት የእጅ ጽሑፍና በሴቶች እጅ ነው። በ1830ዎቹ «ላ ኩዊኔራ ካታላና» የተባለ የወጥ ቤት መጽሐፍ በካታላንኛ ሲታተም ቋንቋው ወደ ድስቱ አጠገብ ተመለሰ።

የ«ካታላን ምግብ» ጽንሰ ሐሳብ በግልጽ የተነገረው ግን ገና በ1928 ነው። ፌራን አጉዮ የተባለ ጋዜጠኛና የብሔርተኛው ፓርቲ ፖለቲከኛ ባሳተመው የወጥ ቤት መጽሐፍ፣ ካታሎኒያ የራሷ ቋንቋ፣ ሕግና ታሪክ እንዳላት ሁሉ የራሷ ምግብም አላት ሲል ተከራከረ። ይህ ሰው ከሃያ ዓመት በፊት፣ በ1908፣ ለሰሜኑ የባሕር ዳርቻ ዛሬ ዓለም የሚያውቀውን «ኮስታ ብራቫ» የሚል ስም ያወጣለት ነው። ለሕዝቡ ማዕዱን የሰየመለትና ለጎብኚው ዳርቻውን የሰየመለት እጅ አንድ ነው። በዚህ ውስጥ ተንኮል አላይም። ሕዝብ ራሱን ሲሰይም ለራሱም ለእንግዳም እኩል ይናገራል።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ፍራንኮ በ1938 የካታሎኒያን ራስ ገዝ ሕግ ሻረ፤ ቋንቋው ከትምህርት ቤትና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት ወጣ። ድስቱን ግን ማንም አልከለከለውም። ሥርዓቱ ምግብን፣ ልክ እንደ ጭፈራ፣ «የክፍለ ሀገር ቀለም» አድርጎ ሊታገሠው ይችል ነበር። እዚህ ላይ ከአንዳንድ የሙያ ባልደረቦቼ እለያለሁ፤ እነሱ ይህን መታገሥ እንደ ትንሽ ድል ያዩታል። እኔ ግን የምግቡ ስም ተፈቅዶ ምግቡ የተሰየመበት ቋንቋ ሲከለከል ማዕዱ ራሱ ወደ ጌጥነት ይወርዳል እላለሁ። ጆሴፕ ፕላ በ1972፣ ፍራንኮ ገና በሕይወት ሳለ፣ ስለበላናቸው ነገሮች በካታላንኛ አንድ ሙሉ መጽሐፍ ሲያሳትም ይህን ጠንቅቆ ያውቅ ነበር።

በዚሁ ዘመን የካታሎኒያ ሕዝብ ራሱ ተለወጠ። በ1950 3.2 ሚሊዮን የነበረው በ1981 ወደ 6 ሚሊዮን ተጠጋ፤ ጭማሪው በአብዛኛው ከአንዳሉሲያ፣ ከሙርሲያና ከሌሎች ድኻ አውራጃዎች ለፋብሪካ ሥራ የመጡ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ። በቲማቲም የታሸውን ዳቦ የማያቸው በዚህ ዐውድ ነው። ዳቦው ላይ የበሰለ ቲማቲም ይታሻል፣ ጨውና የወይራ ዘይት ይጨመርበታል፤ ሌላ ነገር የለውም። ዛሬ ከሰንደቁ ቀጥሎ የካታላንነት ምልክት ነው። በሕዝብ ዘንድ የሚነገር አንድ ወሬ ግን በ1920ዎቹ የባርሴሎናን የምድር ውስጥ ባቡር ሊሠሩ የመጡ የሙርሲያ ሠራተኞች ያመጡት ነው ይላል። ዳቦው በጽሑፍ የተጠቀሰው ከዚያ በፊት፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ስለሆነ ወሬው እንደተነገረ አይቆምም። ነገር ግን ወሬው ለምን ተወደደ? የመጤው ልጅ በዚያ ዳቦ ላይ ድርሻ ስለፈለገ ነው ብዬ አምናለሁ። የሰነዱ ማስረጃ አመጣጡን ይነግረኛል፤ ድርሻውን ግን ሊነፍገው አይችልም።

ስለ ቱሪዝም የምለው ጥቂት ነው። ከ1992ቱ የኦሎምፒክ ውድድር በኋላ ባርሴሎና በጎብኚ ተጥለቀለቀች። በራምብላ ጎዳና ላይ ለእንግዳው የሚቀርብለት ፓኤያ የቫሌንሲያ ምግብ ነው። ከጎዳናው አጠገብ ያለው የቦኬሪያ ገበያ በ2015 በሳምንቱ መጨረሻ የገበያ ሰዓት 15 ሰው የሚሞላ የጎብኚ ቡድን እንዳይገባ እስከ መከልከል ደረሰ፤ ለምሳዋ ዓሣ ልትገዛ የመጣች የሰፈር ሴት መቆሚያ አጥታ ነበርና። ነጋዴዎቹም ከሽምብራና ከደረቀ ዓሣ ይልቅ በብርጭቆ የተከተፈ ፍራፍሬ መሸጥ እንደሚያዋጣ ተረድተው ነበር።

ከመካከላችሁ ለትምህርት ወይም ለጉባኤ ወደዚያ የምትሄዱ ትኖራላችሁ። በየካቲት ከሆነ ካልሶት ብሉ፤ ልብሳችሁን ግን ጠብቁ። በዐቢይ ጾማቸው ከደረሳችሁ በጨው የደረቀውን ዓሣ ከሽምብራና ከስፒናች ጋር ጠይቁ። ብርድ ከሆነ ኤስኩዴያን። ወጥ ስታዝዙም ፒካዳ እንዳለበት አስተናጋጁን ጠይቁት፤ ካለበት በሙቀጫ ይሁን በማሽን የተፈጨ ደግማችሁ ጠይቁ። በጥያቄው ደስ ሊለው ይችላል፤ ወይም ወጥ ሠሪዋን ጠርቶ ያመጣላችኋል፣ ያን ጊዜ ደብተራችሁን አውጡ።

አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።