ጋያና ጥፍጥፍ ትምባሆ
ቅል፣ ሸክላ፣ ሸምበቆ

ጋያ በውኃ የሚሠራ የትምባሆ ማጨሻ ነው፤ ቅሉ ውኃ ይይዛል፤ ትምባሆውና ፍሙ ከላይ በሸክላው ላይ ይቀመጣሉ። ጭሱ ውኃውን አቋርጦ በሸምበቆው ሲሳብ ይቀዘቅዛል፤ የሚንደቀደቀው ድምፅም ከዚያው ነው። በደቡብ ኦሞ ገበያዎች ትምባሆ ተወቅጦ፣ ተጠፍጥፎና ደርቆ ይሸጣል፤ አጫሹ የሚበቃውን ያህል በጣቱ ይፈረፍራል። አውሮፓውያንም ለፒፓ የሚሆነውን በመጭመቂያ ያጣብቁታል፤ ጣዕሙ ይዋሃዳል፣ የተጠቀጠቀውም ቀስ ብሎ ይነዳል።

ኦርቶዶክሱ ደገኛ ግን ትምባሆን ሲጸየፍ ኖሯል፤ አፄ ዮሐንስ 4ኛም በብርቱ ቅጣት ከልክለውት ነበር። ዛሬ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011 መሠረት ከካዛንቺስ መጠጥ ቤቶች እስከ ቂርቆስ መሥሪያ ቤቶች ድረስ ቤት ውስጥ ማጨስ ክልክል ነው። እዚህም እንደዚያው፤ ጋያውን በዓይን ብቻ ይመልከቱ።