የምሰሶ ጽናት በካስማው ነው

በዛሬው ንግግሬ ላስረዳችሁ ያሰብሁት ነገር ከምድር በላይ ከሚታየው ይልቅ ከምድር በታች ተሰውሮ ስለሚኖረው ነው። የሬዲዮ ምሰሶ በተተከለበት ስፍራ የሚያልፍ ሰው ሁሉ ዐይኑን ወደ ላይ አንሥቶ ቁመቱን ያደንቃል። ምሰሶውን በየአቅጣጫው ወጥረው የያዙት ሽቦዎች ከምድር ጋር የሚገናኙበትን ስፍራ ጐንበስ ብሎ የሚመለከት ግን ጥቂት ነው። ዳሩ ግን ቀጭኑ ምሰሶ የሚቆመው ወይም የሚወድቀው በዚያ ባልታየው ስፍራ ነው። ስለዚህ የዚህን ነገር ታሪክ ከጥንቱ ድንኳን ጀምሬ፣ በሶዶና በመላው የወላይታ ምድር ላይ ለሚተከል ምሰሶ እስከሚሰጠው ትምህርት ድረስ ባጭሩ እተርካለሁ።

አባቶቻችን የዚህን ጥበብ መሠረት በድንኳን ያውቁት ነበር። ድንኳን በሦስት ነገር ይቆማል፤ ይኸውም በምሰሶ፣ በአውታርና በካስማ ነው። ምሰሶው ክብደቱን ወደ ታች ይሸከማል፤ አውታሩ ነፋስ እንዳያዘነብለው በየጐኑ ይወጥረዋል፤ ካስማው ደግሞ አውታሩን ከምድር ጋር ያስተሳስራል። የዛሬውም የሬዲዮ ምሰሶ ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ አዲስ ነገር የለውም። ሸራው ቀርቶ ገመዱ በብረት ሽቦ ተተካ እንጂ ሥርዐቱ ያው ነው።

በ1887 ዓ.ም. ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በወላይታ ላይ በዘመቱ ጊዜ ብዙ ሠራዊት በወላይታ ቀይ አፈር ላይ ድንኳኑን ተክሎ አድሯል። አብሮ የተጓዘው ፈረንሳዊው ቫንደርኸይም ያየውን ጽፎ በ1896 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በፓሪስ አሳትሟል። ያ ጦርነት ለወላይታ ሕዝብ እጅግ መራራ ነበረ፤ ንጉሡ ካዎ ጦናም ቆስለው ተማረኩ። የጦሩን ታሪክ ለሌላ ጊዜ ትቼ ለዛሬው ጉዳያችን የሚሆነውን ብቻ ብናስተውል፣ የዘማች ካስማ ማታ ተመትቶ ጧት የሚነቀል ነው። ለአንድ ሌሊት ተብሎ የተሠራ ነገር ለዓመታት ለሚቆም ምሰሶ አይበቃም።

ይህ ልዩነት በአገራችን ጐልቶ የታየው ስልክ በገባ ጊዜ ነው። በ1880ዎቹ መጨረሻ ዓመታት ከሐረር እስከ አዲስ አበባ 477 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የስልክ መስመር ተዘረጋ። ሽቦውን የተሸከሙት በመጀመሪያ የእንጨት ምሰሶዎች ነበሩ። እነዚህንም ከሥር ምስጥ በላቸው፤ በበረሃውም ዝሆን እየታከከ ጣላቸው፤ ሽቦውንም ለጌጥና ለልዩ ልዩ ሥራ የሚቈርጥ አልታጣም። ከዚህም የተነሣ የእንጨቱን ምሰሶ በብረት መለወጥ ግድ ሆነ። እንግዲህ የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፤ በእኛ ምድር ከአፈር ጋር የሚውል እንጨት ዕድሜው አጭር ነው።

አሁን ጥቂት ወደ ውጭ አገር እንሻገር፤ ምክንያቱም ለዚህ ችግር መድኃኒት የሆነው ብረት የተገኘው በባሕር ዳር ጭቃ ውስጥ ነውና። አሌክሳንደር ሚቸል የተባለው አየርላንዳዊ በ1780 በደብሊን ተወለደ፤ ኑሮውም በቤልፋስት ነበረ። ገና በወጣትነቱ የዐይኑ ብርሃን ጠፋበት። እርሱ ግን ጡብ በመሥራት ይተዳደር ነበር፤ እጁ የሚዳስሰውንም ነገር ሁሉ ያጠና ነበር። በ1833 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጥምዝ ምሰሶ ለተባለው ፈጠራው የባለቤትነት መብት አገኘ። ይህም የብረት ዘንግ ሆኖ ከጫፉ ላይ እንደ ብሎን ጥርስ የተጠማዘዘ ሰፊ ክንፍ ያለው ነው። በመዶሻ አይመታም፤ ጠርሙስ መክፈቻው ወደ ቡሽ እንደሚገባ እየዞረ ወደ ምድር ይገባል እንጂ። ሚቸል በመጀመሪያ ያሰበው ለመርከብ ማሰሪያ ነበር። ኋላ ግን ድንጋይ በማይገኝበት የባሕር አሸዋ ላይ የመብራት ቤት ለማቆም ዋለ። በቴምዝ ወንዝ አፍ፣ ማፕሊን በተባለው አሸዋ ላይ ዘጠኝ ምሰሶዎች በ1838 ተጠምዝዘው ገቡ፤ መብራቱም በ1841 በራ። በፍሊትውድ የተሠራው ሌላው ደግሞ ከዚያ ቀድሞ በ1840 በርቷል።

የብልኀቱ ምሥጢር ቀላል ነው። ተመትቶ የገባ ችካል የሚይዘው ጐኑ ከአፈሩ ጋር በሚያደርገው መተሻሸት ብቻ ነው፤ ሲወዘወዝም ቀዳዳው ይሰፋል፤ ኋላም ይነቀላል። ጥምዝ ካስማ ግን ክንፉ ካልተነካ አፈር ሥር ስለሚቀመጥ፣ ለመንቀል የሚፈልግ ኀይል ከክንፉ በላይ ያለውን የአፈር ክምር በሙሉ ማንሣት አለበት። ሌላም ጥቅም አለው፤ በሚጠመዘዝበት ጊዜ የሚያሳየው ጥንካሬ የአፈሩን ጽናት ይገልጻል። እየዞረ ሲሄድ እየከበደ ከመጣ ጥሩ አፈር አግኝቷል ማለት ነው፤ በቀላሉ የሚዞር ከሆነ ግን ገና መዝለቅ አለበት ወይም ስፍራው አይሆንም።

ከባሕር ወደ የብስ የመጣው ደግሞ በስልክ ምክንያት ነው። በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአሜሪካ በሚዙሪ ግዛት ሴንትራሊያ በምትባል ከተማ አልበርት ቻንስ የተባለ ሰው የስልክ ምሰሶን ለሚወጥሩ ሽቦዎች የሚሆን የምድር ካስማ አበጀ። እርሱ ያቋቋመው ኩባንያም ኋላ በጥምዝ ካስማ ሥራ ስሙ የታወቀ ሆነ። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክና የስልክ ሠራተኞች፣ በየቤታቸውም የሬዲዮ ምሰሶ የሚያቆሙ አማተሮች ይህን ካስማ ይጠቀሙበት ጀመር። ጕድጓድ ቈፍሮ ሲሚንቶ ማፍሰስ ሳያሻ ሥራው በአጭር ጊዜ ስለሚያልቅ ተወደደ።

አማተር የሚባሉት ለደመወዝ ሳይሆን ለዕውቀትና ለደስታ ሲሉ ሬዲዮ የሚያሰሙና የሚያዳምጡ ሰዎች ናቸው። በአገራችን የሬዲዮ ታሪክ ትልቅ ስፍራ ያለው የአቃቂ ጣቢያ ነው። ይህን ጣቢያ የጣሊያኑ የአንሳልዶ ኩባንያ ሠርቶት በ1927 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ያ ዓመት ሳያልፍ የጣሊያን ጦር በድንበራችን ተከማቸ፤ ቀዳማዊ አፄ ኃይለ ሥላሴም የአገራቸውን አቤቱታ ለዓለም ያሰሙት በዚሁ ጣቢያ ነው። ጠላት የተከለው ምሰሶ የአቤቱታችን መንገድ ሆነ። ከዚያ በኋላ በአሥመራ ከ1943 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ጀምሮ አሜሪካኖች በያዙት፣ ኋላም ቃኘው በተባለው ሰፈር የነበሩ አማተሮች ከዓለም ጋር ይነጋገሩ ነበር። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ተቋምም የኢትዮጵያ አማተር ሬዲዮ ማኅበር ጣቢያ ኢ ቲ 3 ኤ ኤ በሚል መጠሪያ ድምፁን ለሩቅ አገር አሰምቷል።

እንግዲህ ወደ ወላይታ እንመለስ። ሶዶ በዳሞታ ተራራ ግርጌ የተቀመጠች ከተማ ናት። ከፍ ያለ ስፍራ ለሬዲዮ መልካም ነው፤ የነፋሱ ጉልበት ግን አብሮ ይመጣል። አሁን በሶዶ አንድ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር፣ ሕጋዊ ፈቃድ ካገኘ በኋላ፣ 20 ሜትር የሚረዝም ምሰሶ ሊያቆም ቢያስብ ምን ይገጥመዋል? የመጀመሪያው ጥያቄ የመሬት ስፋት ነው። የወላይታ ገጠር በአገራችን ሕዝብ ተጨናንቆ ከሚኖርባቸው ስፍራዎች አንዱ ነው፤ በየደጁ እንሰቱና ጓሮው ስለ ተተከለ ባዶ መሬት አይገኝም። ስለዚህ ካስማውን ወደ ምሰሶው ሥር አስጠግቶ ለመትከል ይፈተናል። ጕዳቱን ግን በሂሳብ ማየት ይቻላል። ነፋሱ በምሰሶው ራስ ላይ በ100 ኪሎ ኀይል ቢገፋ፣ ካስማው ከምሰሶው ሥር 20 ሜትር ርቆ ከሆነ ሽቦው 141 ኪሎ ይሸከማል፤ ካስማውን ወደ ላይ የሚነቅለው ኀይል ደግሞ 100 ኪሎ ነው። ካስማው በ10 ሜትር ቢጠጋ ግን ሽቦው 224 ኪሎ ይሸከማል፤ ወደ ላይ የሚነቅለውም 200 ኪሎ ይሆናል። ነፋሱ አልጨመረም፤ የጨመረው ከመሬት ማጠር የመጣ ሸክም ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች ካስማው ከምሰሶው ቁመት ቢያንስ ሦስት አምስተኛውን ያህል እንዲርቅ ይመክራሉ። መሬቱ ካልበቃ መፍትሔው ምሰሶውን ማሳጠር ነው እንጂ ካስማውን ማስጠጋት አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄ አፈሩ ነው። የወላይታ ከፍተኛ ስፍራ አፈር በብዛት ቀይና ጥልቅ ሸክላማ ነው። በበጋ ደረቅ ሲሆን እንደ ድንጋይ ይጠነክራል፤ ለጥምዝ ካስማ ይስማማል የሚያሰኝ ነው። ክረምት ሲገባ ግን ውሃ ጠጥቶ ይላላል። ስለዚህ በጥር ወር ተጠምዝዞ የገባ ካስማ በሐምሌ ወር የሚይዘው በጥር እንደ ያዘው ያህል አይደለም። ክንፉ በየክረምቱ ከሚላላው የላይኛው አፈር አልፎ መዝለቅ አለበት፤ ዘንጉም ሽቦው በሚጐትትበት አቅጣጫ ዘንበል ብሎ መግባት አለበት፤ ቀጥ ብሎ ቢገባ ሲጐተት እየታጠፈ የላይኛውን አፈር ይቈርጣል። ሦስተኛም፣ በወላይታ ከፍተኛ ስፍራ አሲዳማ አፈር በየቦታው ይገኛል፤ ይህም የብረቱን የዚንክ ልባስ ቶሎ ይበላል። ዝገቱ የሚበረታው ከአፈሩ ፊት ጥቂት ዝቅ ብሎ በሚገኘው፣ ዐይን በማያየው ስፍራ ነው። ስለዚህ አሳቢ ሰው በየዓመቱ ጥቂት ቈፍሮ ዘንጉን ያያል።

ከዚህ ሌላ ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በገበያ የሚሸጥ ጥምዝ ካስማ ሁሉ አንድ አይደለም። ለአጥር ወይም ለውሻ ማሰሪያ የተሠራ ቀጭን ብረት ለሬዲዮ ምሰሶ አይሆንም፤ ልኩ በአምራቹ የተጻፈለትና ከሚመጣበት ሸክም ብዙ የሚበልጥ መሆን አለበት። ረጅም ለሆነ ምሰሶ ወይም አፈሩ ለሚያጠራጥር ስፍራ በጥልቅ ጕድጓድ ውስጥ የፈሰሰ ሲሚንቶ ይመረጣል። ምሰሶውም ከመቆሙ በፊት ካስማው ሁሉ አንድ በአንድ በማንሻ ተጐትቶ ይፈተን፤ ፈተናውም ከከባድ ዝናብ በኋላ ይደገም።

አፈር በውሃ ሲለወጥ ምን እንደሚያደርግ ደቡቡ ምድራችን በቅርብ ዓመታት በመራራ ሐዘን ተምሯል። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. በጎፋ ዞን በገዜ ጎፋ ወረዳ በደረሰው የመሬት መንሸራተት ከሁለት መቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ከነዚህም ብዙዎቹ የተቀበሩትን ለማውጣት የሮጡ ነበሩ። በዚያው ክረምት በወላይታም በኪንዶ ዲዳዬ ወረዳ ተንሸራትቶ የመጣ አፈር የሰው ሕይወት አጠፋ። ይህን የጠቀስሁት የሐዘኑን ስፋት ከአንድ ምሰሶ ጋር ለማወዳደር አይደለም። በበጋ እግራችንን የተሸከመው አፈር በክረምት ሌላ ጠባይ እንዳለው እንድናስብ ነው። ደግሞም እንዲህ ባለው ቀን መንገድ ሲቈረጥና ስልክ ሲዘጋ፣ ከአንድ ኮረብታ ላይ በባትሪ የሚሠራ ሬዲዮ ለርዳታ ሊጠራ ይችላል። ያ ሬዲዮ የሚጠራው ግን ምሰሶው በዚያው ዝናብ ካልወደቀ ብቻ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ በልዩ ልዩ መሥሪያ ቤት የምታገለግሉ ሁሉ ምሰሶ ሲተከል የማዘዝ፣ የመረከብና የመቈጣጠር ዕድል ይገጥማችኋል። ሥራው ተጠናቆ ርክክብ ሲደረግ ሁሉም ሽቅብ ያያል፤ ፎቶግራፍም የሚነሣው ጫፉ ነው። እናንተ ግን ወደ ካስማው ሄዳችሁ፣ ምን ያህል ርቆ እንደ ተተከለ፣ ምን ያህል እንደ ጠለቀና ማን እንደ ፈተነው ጠይቁ፤ መልሱንም በመዝገብ አስፍሩት። ምሰሶው ሥር ሕፃናት ይጫወታሉ፤ ከብትም ይታሰራል። ዐይነ ስውሩ ሚቸል በእጁ ዳስሶ የተረዳውን ነገር እኛ ዐይን እያለን ብናልፈው ያሳፍረናል። ይህን አደራ ብዬ ንግግሬን በዚህ አበቃለሁ።