ከወንበሩ ሁለቴ የወረደ ሰው

የዳላስ፣ የሌክ ሃይላንድስ ሰዎች፣ ወደ ሂዩስተን ዘመድ ጥየቃ ስትወርዱ፣ በ45 አውራ ጎዳና ሃንትስቪል አጠገብ ስትደርሱ፣ ከዛፎቹ በላይ ብቅ ያለ ነጭ ግዙፍ ሰው አይታችኋል። ቁመቱ 67 ጫማ ነው፤ ሃያ ሜትር ይሞላል። ኮቱን ለብሶ፣ ከዘራውን ይዞ፣ መኪናውን ሁሉ ቁልቁል ያያል። ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ይሄ ማነው?» ይላል። አባት «ሳም ሂዩስተን ነዋ!» ይልና ነዳጁን ይረግጣል። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኔ ግን ዛሬ የሰውየውን ነገር ከሥሩ ላውጋችሁ። ወንበር ሳቡና ስሙኝ። ዘመኑን የምቆጥረው በዚህ አገር አቆጣጠር ነው።

ሳም ሂዩስተን ማርች 2 ቀን 1793 ቨርጂኒያ ውስጥ ተወለደ። ያን ጊዜ በእኛ አገር ዘመነ መሳፍንት ነው፤ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ጎንደር ላይ ስድስት ጊዜ ዙፋን ወጥተው ስድስት ጊዜ የወረዱበት ዘመን። ይቺን ያዙልኝ፤ የዛሬው ወሬ ስለ መውጣትና ስለ መውረድ ነው።

አባቱ ሞተ። እናቱ ዘጠኝ ልጆቿን በጋሪ ጭና ተራራውን ተሻግራ ቴነሲ ገባች። ወንድሞቹ ሳምን ሱቅ አስገቡት። እሱ ግን ጨርቅ መለካትና ጨው መመዘን አልሆንልህ አለው። የሆሜርን ኢሊያድ በብብቱ ይዞ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ ወንዝ ተሻግሮ ወደ ቼሮኪ ቀይ ሕንዶች ኮበለለ። አለቃው ኡሉቴካ እንደ ልጁ ተቀበለው፤ «ቁራው» የሚል ስምም አወጣለት። ቋንቋቸውን ለመደ፣ ከእነሱ ጋር አደነ፣ ከእነሱ ጋር ጨፈረ። ያ የጉዲፈቻ ቤት እስከ ዕድሜው መጨረሻ ከልቡ አልወጣም።

በ1813 ጦር ሠራዊት ገባ። እናቱ ጠመንጃና ውስጡ «ክብር» የሚል የተቀረጸበት ቀለበት ሰጠችው፤ ፈሪ ሆኖ ከመጣ በሯ እንደማይከፈትለትም ነገረችው። በዓመቱ በአላባማ፣ ሆርስሹ ቤንድ በሚባል ቦታ፣ ከክሪክ ሕንዶች ጋር ውጊያ ሆነ። ቀስት ጭኑ ውስጥ ገባ። አንዱን መኮንን ንቀልልኝ ቢለው አልወጣም፤ ሰይፍ መዘዘበት፤ ሦስተኛው ሙከራ ላይ ቀስቱ ከነሥጋው ወጣ። ጄኔራል አንድሩ ጃክሰን አየውና ወደ ኋላ ተመለስ አለው። የት ይሰማል! ተመልሶ ገባ፤ ሁለት ጥይት ቀኝ ትከሻውንና ክንዱን መታው። የጭኑ ቁስል እስኪሞት ድረስ አልደረቀም። ያን ቀን ግን ጃክሰን ይህን ልጅ ዓይኑ ውስጥ አስገባው።

ከዚያ በኋላማ መሰላል ነው። ሕግ ተማረ፤ ጠበቃ ሆነ፤ ኮንግረስ ገባ፤ በ1827፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ፣ የቴነሲ አገረ ገዥ ሆነ። ቁመቱ ከስድስት ጫማ በላይ፣ ድምፁ ነጎድጓድ፣ አለባበሱ የሙሽራ። ጃክሰን ፕሬዚዳንት ሲሆን ከእሱ ቀጥሎ ማን ነው ሲባል ብዙ ጣት ወደዚህ ሰው ይጠቁም ነበር።

በጃንዋሪ 1829 ኤላይዛ አለን የምትባል የደህና ቤተሰብ ልጅ አገባ። ሠርጉ ደመቀ። አሥራ አንድ ሳምንት ቆይቶ ሙሽራዪቱ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ምን ሆነ? አልተናገረም። ወዳጆቹ ለመኑት፣ ጠላቶቹ ሰደቡት፣ አልተናገረም። እሷም አልተናገረችም። አገር ምድሩ በየበሩ ሲያማ፣ እሱ የስንብት ደብዳቤውን ጻፈና ኤፕሪል 16 ቀን ከአገረ ገዥነት ወረደ። በእንፋሎት መርከብ ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ ሄደ።

በእኛ አገር «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ይባላል። ይህ ሰው ሳይበላም ሳይሻርም ነው የወረደው። አንድ ዓረፍተ ነገር ቢናገር ሹመቱ ይተርፍለት ነበር፤ የዚያች ሴት ስም ግን አብሮ ይወድቃል። ዝም አለ።

ወዴት ሄደ አትሉኝም? ወደ ኡሉቴካ! አለቃው በዚያ ጊዜ አርካንሶ ምድር ተሻግሮ ሰፍሯል። ቁራውን በክብር ተቀበለው፤ የቼሮኪ ዜግነትም ተሰጠው። ዲያና ሮጀርስ የምትባል የቼሮኪ ሴት ይዞ ኖረ። ግን ጠጣ፤ እንዴት ያለ መጠጣት! ቁራው መባሉ ቀርቶ ሕንዶቹ ራሳቸው «ታላቁ ሰካራም» አሉት።

በ1832 ዋሽንግተን መጣ። ዊልያም ስታንበሪ የሚባል የኦሃዮ የኮንግረስ አባል ስሙን በአደባባይ አንስቶ በማጭበርበር ከሶት ነበርና፣ ማታ መንገድ ላይ አገኘውና በከዘራ ወገረው። ስታንበሪ ሽጉጥ ደቀነ፤ ቃታውን ቢስበው ከሸፈ። ሂዩስተን በምክር ቤቱ ፊት ቀረበ። ጠበቃው ማን እንደነበር ታውቃላችሁ? ልጆቻችን በየጨዋታው ሜዳ ቆመው የሚዘምሩትን የዚህን አገር ብሔራዊ መዝሙር የጻፈው ፍራንሲስ ስኮት ኪ። ፍርዱ ተግሣጽና ገንዘብ ሆነ። ሂዩስተን ግን በዚያ ችሎት ላይ እንደገና ተወለደ፤ ስሙ በየጋዜጣው ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ ሬድ ወንዝን ተሻግሮ ቴክሳስ ገባ።

ቴክሳስ ያን ጊዜ የሜክሲኮ ግዛት ናት። ሜክሲኮ በ1829 ባርነትን ሽራለች፤ ከአሜሪካ የመጡት ሰፋሪዎች ደግሞ ጥጥ የሚያስለቅሙት በባሪያ ነው። በዚህም፣ በአስተዳደርም፣ በቀረጥም ጠቡ ከረረ። ማርች 2 ቀን 1836 ዋሽንግተን ኦን ዘ ብራዞስ በምትባል መንደር የነጻነት አዋጅ ወጣ፤ ዕለቱ ሂዩስተን አርባ ሦስት ዓመት የሞላበት ነበር፤ እሱም ከፈራሚዎቹ አንዱ ነው። የእኛ የካቲት 23 አሁን አሁን የሚውለው በዚሁ ማርች 2 ነው። እኛ አድዋን ስናከብር ጎረቤቶቻችን የቴክሳስን ነጻነት ያከብራሉ። የአድዋ ልጅ ግን አንድ ጥያቄ ሳይጠይቅ አይለፍ፤ የዚያ ዓመት የቴክሳስ ሕገ መንግሥት ባርነትን አጸደቀ፤ ነጻ የሆነ ጥቁር ሰውም ያለ ኮንግረሱ ፈቃድ በአገሪቱ እንዳይኖር ከለከለ። ነጻነቱ በቆዳ የተለካ ነበር።

አዋጁ በወጣ በአራተኛው ቀን የቴክሳሶቹ ምሽግ አላሞ ወደቀ። የሜክሲኮው ጄኔራል ሳንታ አና ጦሩን አስከትሎ መጣ። ዋና አዛዡ ሂዩስተን አፈገፈገ፤ ሳምንት አለፈ፣ አሁንም አፈገፈገ። ወታደሮቹ ፈሪ አሉት፤ መልስ አልሰጠም። ኤፕሪል 21 ከሰዓት በኋላ፣ ሳንታ አና ሳን ጃሲንቶ ላይ ጦሩን አሳርፎ ሳለ፣ ዘጠኝ መቶ ያህል ሰው ይዞ ወረደበት። ውጊያው የፈጀው 18 ደቂቃ ነው። ግድያው ግን ከዚያ በኋላም ቀጠለ፤ እጅ የሰጡትም አልተማሩም፤ ከሜክሲኮዎቹ 630 ያህል ወደቁ። ከቴክሳሶቹ ዘጠኝ ሞቱ። ሂዩስተን ቁርጭምጭሚቱን በጥይት ተመታ። በማግስቱ ሳንታ አና የተራ ወታደር ልብስ ለብሶ ተያዘ። ወታደሩ «ይሰቀል!» አለ፤ ሂዩስተን ዛፍ ሥር ተኝቶ «አይሆንም» አለ። የሞተ ጄኔራል ጦሩን ከቴክሳስ ውጣ ብሎ ማዘዝ አይችልም፤ የተማረከ ግን ያዝዛል። አዘዘም።

ቴክሳስ የራሷ አገር ሆነች፤ ሂዩስተንም ሁለት ጊዜ ፕሬዚዳንቷ ሆነ። በመሃል ግን ሌላው ፕሬዚዳንት ሚራቦ ላማር በ1839 ቼሮኪዎችን ከቴክሳስ በጦር አባረረ። ሂዩስተን ራሱ ስለ መሬታቸው ውል የተፈራረመው አለቃ ቦልስ፣ በሰማንያዎቹ ዕድሜው፣ ሂዩስተን የሰጠውን ሰይፍ እንደታጠቀ ተገደለ። ሂዩስተን በምክር ቤት ቆሞ ገዳዮቹን በአደባባይ ዘለፈ፤ አገሩ ጠላው፤ ግድ አልሰጠውም።

አሁን ወደ ሰፈራችን ልመልሳችሁ። ዲ.ኤፍ.ደብሊው. አየር ማረፊያ እንግዳ ልትቀበሉ በ635 ወደ ምዕራብ ስትሄዱ፣ ከመድረሳችሁ በፊት በቀኝ የምትተዋት ከተማ ኮፔል ናት። እዚያ ግሬፕቫይን ስፕሪንግስ የሚባል ምንጭ አለ። በኦገስት 1843 ፕሬዚዳንት ሂዩስተን ድንኳኑን እዚያ ተክሎ የሕንድ አለቆችን ጠበቀ። ዳላስ ያን ጊዜ የመሥራቿ የጆን ኒሊ ብራያን ጎጆና ጥቂት ቤተሰብ ነበረች። ሳምንታት ጠበቀ፤ የኮማንቼ ነገድ አለቆች አልመጡም። እሱ ተመለሰ፤ ከመጡት ነገዶች ጋር ግን በሴፕቴምበር 29 ቀን በበርድስ ፎርት፣ በዛሬው አርሊንግተን፣ ውሉ ተፈረመ። ከፈረሙት አንዱ ኤድዋርድ ታራንት ነው፤ ፎርት ወርዝ ያለችበት ካውንቲ በእሱ ስም ትጠራለች።

በዚህ መካከል ትዳርም ያዘ፤ በ1840 የአላባማዋን ማርጋሬት ሊን አገባ፤ ስምንት ልጅ ወለዱ። ያን ሁሉ መጠጥ ያስተወችው እሷ ናት። በ1854 ወንዝ ወርዶ ተጠመቀ። ኃጢአትህ ሁሉ ታጠበ ቢሉት፣ እንግዲያው ታች ላሉት ዓሦች እግዜር ይድረስላቸው አለ ይባላል።

ቴክሳስ በ1845 መጨረሻ ከአሜሪካ ጋር ተቀላቀለች። የመጀመሪያው አገረ ገዥ ጄምስ ፒንክኒ ሄንደርሰን ሆነ፤ ሂዩስተን ሴናተር ሆኖ ዋሽንግተን ገባ። እዚያ የነብር ቆዳ ሰደርያ ለብሶ ይቀመጣል፤ ሌላው ሲናገር እሱ በሰንጢ እንጨት ይቀርጻል። ስለ ሰደርያው ቢጠይቁት ነብር ዝንጉርጉርነቱን አይለውጥም እያለ መጽሐፍ ይጠቅሳል። ያ ቃል በትንቢተ ኤርምያስ ከማን ጋር ተጣምሮ እንደተጻፈ እናንተ ታውቁታላችሁ።

እውነትም አልተለወጠም። በ1854 ባርነትን ወደ ካንሳስና ወደ ነብራስካ የሚያስፋፋ በር የሚከፍት ሕግ ሲመጣ፣ ከደቡብ ሴናተሮች ተቃውመው ድምፅ ከሰጡት ሁለት ሰዎች አንዱ ሆነ። ይህ ሕግ አገር ያፈርሳል አለ። ቴክሳስ ተቆጣች። በ1857 ለአገረ ገዥነት ተወዳድሮ በሃርዲን ራነልስ ተሸነፈ፤ በሕይወቱ ሕዝብ የነሣው ብቸኛ ምርጫ ይህ ነው። በ1859 ያንኑ ራነልስን አሸንፎ ኦስቲን ገባ። በሁለት ግዛት በሕዝብ ድምፅ አገረ ገዥ የሆነ ሰው በዚህ አገር ታሪክ እሱ ብቻ ነው።

ሊንከን ተመረጠ። ደቡብ ሸፈተ። ፌብሩዋሪ 1 ቀን 1861 ኦስቲን የተሰበሰበው ጉባኤ በ166 ለ8 እንገንጠል አለ። ሕዝቡም 46 ሺህ ገደማ ለ15 ሺህ ገደማ አጸደቀ። ዳላስ ካውንቲ ለመገንጠል ድምፅ ሰጠች፤ ዛሬ ብዙዎቻችን ቤት የገዛንባቸው ፕሌኖና አለን ያሉባት ኮሊን ካውንቲ ግን አይሆንም ብላ ነበር። መገንጠሉ የጸናበት ቀን ማርች 2 ሆነ፤ ሽማግሌው ስድሳ ስምንት ዓመት የሞላበት ዕለት።

ጉባኤው ሹማምንቱን ሁሉ ለአዲሱ የደቡብ መንግሥት፣ ለኮንፌደሬሽኑ፣ ማሉ አለ። ያን ሌሊት ሂዩስተን በመኖሪያው ፎቅ ላይ ሲንጎራደድ አደረ፤ ንጋት ላይ ወርዶ ለማርጋሬት እንደማያደርገው ነገራት። ማርች 16 ቀን ጉባኤው ስሙን ሦስት ጊዜ ጠራ። እሱ በዚያው ሕንፃ ምድር ቤት ተቀምጦ እንጨት ይቀርጽ ነበር ይላሉ። አልወጣም። ምክትሉ ኤድዋርድ ክላርክ ማለና ወንበሩን ወረሰ። ሊንከን ወታደር ልላክልህ ቢለው፣ ለእኔ ወንበር የቴክሳስ ሰው ደም አይፈስም ብሎ ደብዳቤውን እሳት ውስጥ ጣለ። ማተቡን አልበጠሰም፤ ዘመቻም አልጫረም፤ ዕቃውን ጭኖ ወረደ።

ከእሱ በኋላ በዚያ ወንበር የተቀመጡትን ልንገራችሁ። ክላርክ በመጀመሪያው ምርጫ በ124 ድምፅ ተሸንፎ፣ ጦርነቱ ሲያበቃ ሜክሲኮ ሸሸ። ያሸነፈው ፍራንሲስ ላቦክ ከኮንፌደሬሽኑ ፕሬዚዳንት ከጄፈርሰን ዴቪስ ጋር አብሮ ተማረከ። ሦስተኛው ፔንደልተን መራ ሸሽቶ ሞንተሬይ ላይ ሞተ። ወንበሩን ያገኙት እንዲህ ሆኑ።

ሂዩስተንም ድል አላየም። ልጁ ሳም ሽማግሌው በተቃወመው ጦር ተሰልፎ ሻይሎ ላይ ቆሰለ። እሱ ጁላይ 26 ቀን 1863 ሃንትስቪል ሞተ፤ ለማርጋሬት የተረፋት መሬት እንጂ ብዙ ጥሬ ገንዘብ አልነበረም።

እዚህ ላይ ባቆም ደስ ይላችሁ ነበር፤ ግን ወሬው ይጎድላል። ሂዩስተን ባርነት እንዳይስፋፋ ተሟገተ እንጂ ራሱ ሰዎችን በባርነት ይገዛ ነበር። ያን ሁሉ የተሟገተው ለአገሪቱ አንድነት እንጂ ለእነሱ አርነት አልነበረም። ከእነሱ አንዱ ጆሹዋ ነው፤ አንጥረኛ፣ ሠረገላ ነጂ፣ ማንበብ የተማረ ሰው። ማርጋሬት በተቸገረች ጊዜ ለዓመታት ያጠራቀመውን ገንዘብ በከረጢት ይዞ ሄዶ እንካሽ አላት፣ እሷም ለልጆችህ ትምህርት አውለው ብላ መለሰችለት እየተባለ ይነገራል።

ሂዩስተን ወንበሩን የከፈለለት የአሜሪካ ሕገ መንግሥት በ1865 ባርነትን የሚሽር አንቀጽ ተጨመረበት፤ በ1868 ዜግነት፣ በ1870 የመምረጥ መብት ተከተለ። ጆሹዋ ሂዩስተን፣ የጌታውን ስም የያዘው ሰው፣ በሃንትስቪል ከተማ ምክር ቤት ተቀመጠ፤ ቀጥሎም በዎከር ካውንቲ ሕዝብ ድምፅ ኮሚሽነር ሆነ። ሽማግሌው ያ ሕገ መንግሥት እንዲህ ያለ ሰው እንደሚሾም አስቦ አልማለለትም፤ በመሐላው መጽናቱ ግን የእሱ ሥራ ነው። ያን መሐላ ለጥቁሩም ሰው የሚሆን ያደረጉት እነ ጆሹዋ ናቸው፤ እኛም ቀኝ እጃችንን አንሥተን ዜጋ የሆንነው በእነሱ መሐላ ነው።