ግራው የማን ግራ ነው?

የመስኖ ሪፖርት ላይ «ራይት ባንክ» (የወንዝ ቀኝ ዳር) የሚል ስታነቡ፣ ቀኙ የማን ቀኝ ነው? የእኛ «ማዶ» ተናጋሪው የቆመበትን ዳር ተከትሎ ይለዋወጣል፤ እኔ ተሻግሬ ብጠራችሁ ማዶ የምትሆኑት እናንተ ናችሁ። እንግሊዝኛው ግን ለቆመው ሰው ደንታ የለውም፤ ፊቱን የሚያዞረው ውሃው ወደሚፈስበት ነው።

በሰሜን ወሎ፣ የሀብሩ ወረዳ ወንዞች በጥቅሉ ከምዕራቡ ተራራ ተነስተው ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳሉ። ስለዚህ ቀኝ ዳራቸው ደቡቡ፣ ግራቸው ሰሜኑ ነው። ከመርሳ ወደ ሰሜን፣ ወደ ወልድያ የሚወጣ መንገደኛ እንዲህ ያለ ወንዝ በተሻገረ ቁጥር ከቀኝ ዳር ወደ ግራ ዳር ያልፋል፤ ሲመለስ የዳሮቹ ስም አይቀየርም።

«አፕስትሪም» ቀላል ነው፦ ሽቅብ፣ ወደ ምንጩ። በህዳሴ ግድብ ክርክር «የላይኛው ተፋሰስ» ማለትን ለምደነዋል። ብቻ «ላይ»ን ከካርታ ሰሜን ጋር አታምታቱት፤ ዓባይ ግብፅ ውስጥ ወደ ሰሜን ስለሚፈስ ላይኛው ግብፅ ያለው በደቡብ ነው።

የቦይ ወይም የጎርፍ ሪፖርት የምትጽፉ ሁሉ፣ «ወደ ቁልቁል ሲታይ በስተቀኝ» ብላችሁ ጻፉልን እንጂ «ማዶ» ብላችሁ አትለፉ።