ኢሚዩኖቴራፒ፡- ቤት ሳይሸጥ ሊታወቅ የሚገባው

ካንሰር የገባበት ቤት ሁሉ አንድ ቃል መስማቱ አይቀርም፤ ኢሚዩኖቴራፒ፡፡ ውጭ አገር ያለ ዘመድ በስልክ ያወራለታል፣ አገናኙ ከህንድ ወይም ከታይላንድ ሆስፒታል የመጣ የዋጋ ወረቀት ያሳያል፣ ቤተሰብም ቤቱን ለሽያጭ ያወጣል፡፡ እኔ የሕግ ሰው እንጂ ሐኪም አይደለሁም፡፡ ሆኖም ሰው ጥሪቱን የሚያፈስበትን ነገር ምንነት አውቆ መፈረም አለበት ባይ ነኝና፣ ስለ ሕክምናው የተረጋገጠውን በአጭሩ ላቅርብ (ዓመታቱ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)፡፡

ምን ማለት ነው?

ኬሞቴራፒና ጨረር ካንሰሩን በቀጥታ ይመታሉ፡፡ ኢሚዩኖቴራፒ ግን የታማሚውን የራሱን የመከላከል አቅም በካንሰሩ ላይ ያስነሳል፡፡ ሐሳቡ አዲስ አይደለም፡፡ የኒውዮርኩ ቀዶ ሐኪም ዊሊያም ኮሊ፣ ከባድ የቆዳ ኢንፌክሽን የያዘው አንድ ታማሚ የካንሰር እብጠቱ መጥፋቱን ካወቁ በኋላ፣ በ1891 ባክቴሪያ እብጠት ውስጥ እየወጉ መሞከር ጀምረው ነበር፡፡ ለጨቅላ ሕፃናት የምናስወጋው የቢሲጂ ክትባትም ከ1970ዎቹ ወዲህ ወደ ጡንቻው ያልዘለቀ የሽንት ፊኛ ካንሰርን ለማከም ያገለግላል፡፡

ትልቁ ለውጥ የመጣው ግን ከዚያ በኋላ ነው፡፡ ቲ ሴል የሚባሉት ነጭ የደም ሴሎች ጤነኛውን አካል እንዳያጠቁ የሚይዛቸው ፍሬን አላቸው፡፡ ካንሰር ይህንኑ ፍሬን ይረግጥና ሳይነካ ያድጋል፡፡ አሜሪካዊው ጄምስ አሊሰንና ጃፓናዊው ታሱኩ ሆንጆ በዚህ ላይ ባደረጉት ምርምር የ2018ን የኖቤል የሕክምና ሽልማት ተጋርተዋል፡፡ ፍሬኑን ከሚያስለቅቁት መድኃኒቶች ኢፒሊሙማብ በ2011፣ ፔምብሮሊዙማብና ኒቮሉማብ በ2014 በአሜሪካ ተፈቀዱ፡፡

በ2005ቱ ምርጫችን ታዛቢነትና በጊኒ ዎርም ዘመቻ የምናውቃቸው ጂሚ ካርተር በ2015፣ በ90 ዓመታቸው፣ ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር ጉበታቸውና አንጎላቸው ላይ ተገኘባቸው፡፡ ፔምብሮሊዙማብ ወሰዱ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ካንሰሩ በምርመራ እንዳልታየ አስታወቁ፤ ያረፉትም በ2024፣ በ100 ዓመታቸው ነው፡፡ ይሁንና ቀዶ ሕክምናና ጨረርም ተደርጎላቸው እንደነበር መርሳት አይገባም፡፡

ሌላው ዓይነት ካር-ቲ ይባላል፡፡ የታማሚው ቲ ሴሎች ከደሙ ተወስደው ካንሰሩን እንዲለዩ በላቦራቶሪ ይለወጡና ይመለሱለታል፡፡ በዋናነት የሚያገለግለው ለተወሰኑ የደም ካንሰሮች ነው፡፡ በ2017 አሜሪካ የፈቀደችው የመጀመሪያው በ475,000 ዶላር ወጣ፡፡ ህንድ በ2023 የራሷን፣ እጅግ በረከሰ ዋጋ፣ ፈቅዳለች፡፡

ለማን ይሠራል?

ለሁሉም አይደለም፡፡ በ2024 በታተመ ጥናት፣ ሜላኖማ ተዛምቶባቸው ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብን አንድ ላይ ከወሰዱት ውስጥ 43 በመቶው ከ10 ዓመት በኋላ በሕይወት ነበሩ፡፡ ቀድሞ ብዙዎቹ ዓመት እንኳ ለማይሞሉበት በሽታ ይህ ታላቅ ነገር ነው፤ ግን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አልተረፉም፡፡ በሳንባ፣ በኩላሊትና በማህፀን በር ካንሰር ለብዙዎች ጠቅሟል፡፡ በቆሽትና በአብዛኛው የፕሮስቴት ካንሰር ግን ውጤቱ ደካማ ነው፡፡ ስለዚህ ለብዙዎቹ ካንሰሮች መድኃኒቱ ከመታዘዙ በፊት ከዕጢው በተወሰደው ናሙና ላይ እንደ ፒዲ-ኤል1 እና ኤምኤስአይ ያሉ ምርመራዎች ይሠራሉ፡፡

ጉዳቱስ? ፍሬኑ የተለቀቀው የመከላከል ኃይል አንጀትን፣ ሳንባን፣ ጉበትን፣ የታይሮይድ ዕጢን፣ አልፎ አልፎም ልብን ሊያጠቃ ይችላል፡፡ ይህም መድኃኒቱ ካቆመ ከወራት በኋላ ሊመጣ ይችላል፡፡ ከህንድ የተመለሰ ታማሚ ተቅማጥ ሲይዘው “አሜባ ነው” ተብሎ በአሜባ መድኃኒት ብቻ ከተሸኘ አደጋ ነው፤ ችግሩ ከሕክምናው የመጣ ከሆነ ቶሎ ስቴሮይድ ሊያስፈልገው ይችላልና፡፡ የወሰደውን መድኃኒት ስም የያዘ ወረቀት ከኪሱ አይለይ፤ ለሚያየው ሐኪም ሁሉም ያሳይ፡፡

ከመፈረም በፊት

የጨነቀው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ የተጨነቀ ቤተሰብ የሰጡትን ሁሉ ይፈርማል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የሕክምና ውልን ሲተረጉም፣ ሐኪሙ ታማሚውን ለማዳን የተቻለውን ሁሉ ለማድረግ የሚገባው ግዴታ አድርጎ ነው እንጂ፣ ማዳኑን እንደሚያረጋግጥ አድርጎ አይደለም፡፡ እንግዲህ “እናድናለን” የሚል አገናኝ ሐኪሙ ራሱ የማይገባውን ግዴታ እየሸጠ ነው፡፡ እነዚህን ጥያቄዎች በጽሑፍ ጠይቁ፡-

- የመድኃኒቱ ስም ማን ነው? ለዚህ የካንሰር ዓይነትና ደረጃ ተፈቅዷል?
- የናሙናው ምርመራ ተሠርቷል? ውጤቱስ?
- የተጻፈው ዋጋ የአንድ ዙር ነው ወይስ የሙሉው ሕክምና? (ፔምብሮሊዙማብ በየ3 ወይም በየ6 ሳምንቱ፣ እስከ 2 ዓመት ሊሰጥ ይችላል፡፡)
- አገር ቤት ስንመለስ የሚከታተለን ሐኪም ማን ነው?

መልስ የማይሰጥ ካለ ገንዘባችሁን ያዙ፡፡ “የመከላከል አቅም ይጨምራል” ተብሎ በየመደብሩ የሚሸጠው ዱቄትና ሻይም ኢሚዩኖቴራፒ አይደለም፡፡

መንግሥትም የቤት ሥራ አለበት፡፡ የዓለም ጤና ድርጅት ፔምብሮሊዙማብን በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝሩ ውስጥ በ2019 ለሜላኖማ አካቶ፣ በ2025 ደግሞ ለተወሰኑ የማህፀን በር፣ የሳንባና የትልቁ አንጀት ካንሰሮች አስፍቶታል፡፡ የማህፀን በር ካንሰር ብዙ እናቶቻችንን የሚነጥቅ በሽታ ነው፡፡ ይህን መድኃኒት በጋራ ግዥ ዋጋውን አስቀንሶ ማምጣት፣ ከ2018 ጀምሮ ለልጃገረዶች የሚሰጠውን የኤችፒቪ ክትባትም ሳያቋርጡ ማዳረስ፣ ከየቤተሰቡ የቤት ሽያጭ ይሻላል እላለሁ፡፡